ማንም ሳይሞት ናዝሬት መሄድ

ናዝሬትን አውቃለሁ ብዬ ነበር የምኖረው። አንድ ቀን ሽሮ ሜዳ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነገሩን ሳሰላስለው ግን ለካ የማውቀው መቃብሩን ብቻ ነው። ስለ ደብረ ዘይትም ብትጠይቁኝ የምነግራችሁ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ የሰርግ አዳራሽና ብዙ ድንኳን ነው። ሐይቅ እንዳላት እሰማለሁ። የሰፈራችን ሰው ዘመድ ይሞትበታል፣ እድራችን አውቶብስ ይኮናተራል፣ እንሄዳለን፣ እንቀብራለን፣ ንፍሮ ዘግነን ፀሐይ ሳትጠልቅ ጉለሌ እንገባለን። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ከአዲስ አበባ የሚወጣው ሰው ሲሞት፣ ሰው ሲያገባ ወይም ጸበል ሲታዘዝለት ነው። ከእነዚህ ውጭ ወጥቼ አላውቅም።

የሚያስቀው ደግሞ ሹፌር የነበርኩ መሆኔ ነው። የከተማ አውቶብስ ሹፌር። ያንኑ መንገድ ስሄድና ስመለስ ኖሬ፣ መሪዬን አንድ ቀን ወደ ሌላ አገር ሳላዞር ቁልፉን አስረክቤ ጡረታ ወጣሁ። ሕዝቡን ሁሉ አድርሼ እኔ የትም ያልደረስኩ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ነፍሷን ይማረውና፣ «አንተ ሹፌር ባትሆን ኖሮ የት የት በሄድን» ትለኝ ነበር። ቀልድ ይሁን ምሬት እስካሁን አልለየሁትም።

እናም ወሰንኩ። ሁለት ቀን፣ ሁለት ከተማ፣ ብቻዬን፣ በጡረታ ገንዘብ። ማንም ሳይሞት።

ዕቅድ ማውጣት እንዲህ እንደሚጣፍጥ ቀደም ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ በወጣትነቴ እጀምረው ነበር። በሳምንቱ መጨረሻ መሄድ አይሆንም፤ ያኔ አዲስ አበባ እንዳለ ወደዚያ ስለሚወርድ የአልጋ ዋጋ ጣሪያ ይነካል። ሰኞ ጠዋት የመናኸሪያው ግፊያ ለእኔ ጉልበት አይሆንም። ረቡዕ ጾም ነው። ስለዚህ ማክሰኞ ማልጄ ወጥቼ ምሳዬን ደብረ ዘይት ሐይቅ ዳር ዓሣ እበላለሁ። ሐይቅ ዳር የሚታደረው ባለ ሀብት ሲሆኑ ነው፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ወደ ናዝሬት እወርዳለሁ፣ እዚያ ርካሽ ፔንሲዮን ሞልቷል። በማግስቱ ረቡዕ በያይነቱ እበላለሁ፣ እሱም ከሥጋው ይረክሳል። ጾምና ኪሴ እንዲህ ተስማምተው አያውቁም።

ዕቃዬ አንድ ቅያሪ ሸሚዝ፣ የደም ግፊት ክኒኔና ጋቢዬ ነው። ጋቢውን ልያዘው ወይስ ልተወው የሚለው ብቻ ስንት ቀን ፈጀብኝ። ናዝሬት ሙቀት ነው ይላሉ፤ እንጦጦ ግርጌ ያረጀ ሰው ግን ሙቀት የሚባለውን ነገር በወሬ ብቻ አያምንም። ጥቁር ኮቴን ላውንደሪ ሰጠሁ፤ ሌላ ደህና ኮት የለኝም። ጺሜን ደግሞ ሆን ብዬ አሳደግሁት። ናዝሬት አንድ ፀጉር ቤት ገብቼ፣ ማንም በማያውቀኝ ወንበር ላይ ተንጋልዬ፣ እንደ ጌታ መላጨት አምሮኝ ነበር። ሽማግሌን የሚያምረው ነገር ለሰው አይነገርም፤ ለእናንተ ግን ነገርኳችሁ።

እስከዚህ ቀላል ነበር። ከባዷ ልጄ ናት። የምትኖረው ከተማው ሌላ ጫፍ ላይ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፤ እሑድ እሑድ እየመጣች ቤቴን ትፈትሻለች። ዕቅዴን ስነግራት የያዘችውን መጥረጊያ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው።

«ብቻህን?»

«ብቻዬን።»

«ከማን ጋር ብቻህን?»

«ከራሴ ጋር። ጠባዩ ትንሽ አስቸጋሪ ነው፣ ግን ለምጄዋለሁ።»

«አባዬ አትቀልድ። ባለፈው ክረምት ገበያ መሃል አዙሮህ መውደቅህን ረሳኸው?»

«አልወደቅኩም፤ ቁጭ ነው ያልኩት።»

«ጎመን ላይ?»

«ጎመን ላይ መቀመጥ ክልክል ነው?»

ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ከንፈሯን ነክሳ ያዘችው። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «እሺ፣ ሂድ» አለችኝ። «ልከለክልህ አልችልም። ግን አንድ ነገር ብትሆን፣ አንዲት ነገር፣ በቃ፤ ከዚያ በኋላ ብቻህን መኖር የለም። ይሄን ቤት አከራይተን እኔ ጋ ትገባለህ።»

እሷ ጋ ማለት አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለውም። አንድ ጊዜ የወጣ ሽማግሌ የሚወርደው ተሸክመውት ነው። ስለዚህ ጉዞው የዓሣ ጉዳይ መሆኑ ቀረ። ከራሴ በር ብቻዬን ወጥቼ ብቻዬን መመለስ የምችል ሰው ነኝ ወይስ አይደለሁም፣ ማክሰኞ ሊለይ ነው። አንዲት መሰናክል ብትገጥመኝ ጎመኑ ይነሳል፣ ደም ግፊቱ ይነሳል፣ እኔም ወደ አራተኛ ፎቅ እነሳለሁ።

ከሰፈር የሚርቅ አባል ለእድሩ ዳኛ መንገር አለበት፤ ሳያስፈቅድ ከቀብር የቀረ ይቀጣል። ዳኛችን እኩያዬ ነው፤ አንድ ሰፈር ነው ያረጀነው። ኮቴን ከላውንደሪ አውጥቼ ክንዴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ቤቱ ደጃፍ አገኘሁት።

«ናዝሬት ልሄድ ነው» አልኩት። «ማክሰኞ።»

«ምነው? በደህና?»

በዚህ ዕድሜዬ፣ ይሄን ኮት ይዤ፣ ዓሣ ልበላ ነው ማለት አቃተኝ። «እ... እንዲሁ ነው» አልኩ።

«ከማን ጋር ነው የምትሄደው?»

«ብቻዬን ይሻለኛል።»

ጺሜን አየ። ኮቱን አየ። እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈና፣ «አይዞህ» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ለተራ ፈቃድ አይዞህ ማለቱ በዛ ብዬ አሰብኩ፤ ሲያረጅ ሆዱ ባብቶ ነው ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ሁሉ ለእኔ ሰው ሆነ። ከግቢዬ ጋር አጥር የምትጋራው ጎረቤቴ፣ በውሃ ተራ ስታነታርከኝ የኖረች ሴትዮ፣ ራዲዮዋን ቀነሰችልኝ። «ጋሼ፣ እህል ይቀምሳሉ ግን?» እያለች ሽሮ በሳህን ታቀብለኛለች። ጥግ ላይ ያለው ባለ ሱቅ ሳልፍ ከመቀመጫው ይነሳልኛል። እኔ ሞኙ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? ዕቅድ ያለው ሰው ሲራመድም ያስታውቃል አልኩ። ደረቴን ነፋ አድርጌ ነበር የምሄደው።

ሰኞ ማታ ልጄን ልሰናበታት ብደውል ስልኳ ዝግ ነው። ደግሜ ብደውል ዝግ ነው። ተቀይማኛለች ብዬ ጋደም አልኩ፤ እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም።

ሊነጋጋ ሲል ለባብሼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ጫማዬን እያሰርኩ ሳለ በሩ ተንኳኳ። በቀስታ ነው የተንኳኳው። ከፈትኩ። የእድሩ ዳኛ ጋቢውን ተከናንቦ ቆሟል። አጠገቡ ጡሩምባ ነፊያችን አለ፤ ሰው ሲሞት በየመንደሩ እየዞረ ቀብር የሚጠራው ሰው። ከኋላቸው ጎረቤቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች።

እኔ ይሄን አመጣጥ አውቀዋለሁ። ስንት ሰው ቤት መርዶ ልነግር ሄጃለሁ። በንጋት ነው የሚኬደው፣ ባለ ሐዘኑ ከቤት ሳይወጣ። ሁለት ሦስት ሆኖ ነው የሚኬደው፣ ቢወድቅ የሚይዝ እንዲኖር። ገብተው ይቀመጣሉ። ስለ ብርዱ ይወራል። ከዚያ ከመካከላቸው ትልቁ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

ገብተው ተቀመጡ።

«ብርዱ ጠንክሯል» አለ ጡሩምባ ነፊው።

አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ። ሦስቱም ያዩኛል፤ ዳኛው ጉሮሮውን ጠረገና ዝም አለ። እኔ እሱ እስኪናገር እጠብቃለሁ፣ እሱ ደግሞ ምን እንደሚጠብቅ እንጃ፣ እኔን ያየኛል። ስልኳ ዝግ ነበር። ደጋግሜ ደውዬ ዝግ ነበር።

«ተናገር» አልኩት። «እኔ ላይ ወግ አታብዛ። ልጄ ናት አይደል?»

የዳኛው ዓይን ፈጠጠ። «ልጅህ?»

«ውይ በሞትኩት!» አለች ጎረቤቴ። «ልጅዎት ናት እንዴ የሞተችው?» መልስ አልጠበቀችም። ደረቷን እየመታች «ወይኔ ልጄን! ወይኔ የእኔ ቆንጆ!» ብላ ለቀቀችው። ጡሩምባ ነፊው ብድግ ብሎ ወጣ፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ያለውን በቀልድ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። እጄ የጫማዬን ክር እንደያዘ ቀረ። ሌላ ነገር አልታየኝም፤ እሑድ ዕለት ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ስትይዝ ብቻ ነው የታየኝ። ምነው ያን ሳቅ በለቀቀችው ኖሮ አልኩ።

ያኔ ከደጅ ሌላ ጩኸት መጣ። «አባዬን! አባዬን!»

ድምፁን አውቀዋለሁ። ሻሿ ወልቆ፣ ቦርሳዋን ግቢው ውስጥ ጥላ በሩ ላይ ደረሰች፤ አየችኝ። አየኋት። ለካ ሰፈሯ መብራት ጠፍቶ ስልኳ ባትሪ ጨርሶ ኖሯል። ልትሸኘኝ በንጋት መጥታ፣ አስፋልቱ ላይ ከታክሲ ወርዳ ስታቀና ከቤቴ ለቅሶ ሰማች። ከአስፋልቱ እስከ በሬ ድረስ እኔን ገድላ፣ ቀብራ፣ አልቅሳልኝ ነው የገባችው።

ማን ማንን እንደያዘ አላውቅም። «አለህ?» ትለኛለች፤ «አለሽ?» እላታለሁ። ሹፌር ሆኜ ስንት ጊዜ ከአደጋ ለጥቂት ተርፌያለሁ፤ እንደዚያ ያለ ትንፋሽ ተንፍሼ ግን አላውቅም።

በዚህ መሃል ጡሩምባ ነፊው እያለከለከ ተመለሰ፤ ጡሩምባውን ይዟል። «ይቅርታ ጋሼ» አለ አንገቱን ደፍቶ፣ «የልጅትዋን ስም ማን ብዬ ልጥራ?»

«የማንን?» አለች ልጄ።

ቀና ብሎ አያት። አፉ ተከፍቶ ቀረ። ጡሩምባውን ቀስ አድርጎ ጋቢው ሥር ከተተና ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ጎረቤቴ ለቅሶዋን ለማቆም ትንሽ ጊዜ ወሰደባት፤ ሞቅ ብሏት ነበር።

«ቆይ» አለ ዳኛው፣ ላቡን እየጠረገ። «ታዲያ ናዝሬት የሞተብህ ማን ነው?»

«ማንም።»

«ጺሙስ?»

«እዚያ ልላጨው ነው።»

«ጥቁር ኮቱስ?»

«ሌላ የለኝም።»

«ታዲያ ምን ልታደርግ ነው የምትሄደው?»

ልጄን አየኋት፣ መሬቱን አየሁ። «ዓሣ ልበላ» አልኩ።

«ዓሣ» አለ ዳኛው፣ የበሽታ ስም እንደሚጠራ ሰው። «እኛ እኮ ሐዘኑን ደብቆ ብቻውን ሊቀብር ነው ብለን አንጀታችን ተቃጥሎ... ብቻውን ዓሣ የሚበላ ሰው አለ?»

«እኔ ንፍሮ ዘፍዝፌ ነው ያደርኩት!» አለች ጎረቤቴ። «አሁን ምን ላድርገው? ይሄን ሁሉ እንባስ ማን ይመልስልኛል?»

«ለእውነተኛው ቀን ይያዝልሽ» አልኳት። ያኔ ነው ልጄ የሳቀችው። አንዴ ከጀመረች በኋላ ማቆም አቃታት፤ ዳኛውም ላለመሳቅ ታግሎ ተሸነፈ። ጡሩምባ ነፊው ብቻ አልሳቀም፤ ስሟን ቢጠራ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር እያሰበ ይመስለኛል።

ነገሩ ግን አላበቃም። ዳኛው ዓይኑን አብሶ፣ «በቃ፣ አንዴ ተነስተናል፣ ለብሰናል» አለ። «ሚኒባስም ኮናትረናል፤ አስፋልት ላይ ቆሟል። እስቲ አብረን እንሂድ።»

«እኔም ሐይቁን አይቼው አላውቅም» አለች ጎረቤቴ፣ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች።

ሐይቅ ዳር ተደርድረን ስንቀመጥ ታየኝ። ዳኛው ዓሣ አጥንት አለው ብሎ ሲያስጠነቅቀኝ፣ ጎረቤቴ በግድ ስታጎርሰኝ፣ ከቀትር በኋላ ሁሉም መሽቷል እንመለስ ሲሉ። ናዝሬትማ አትታሰብም። ይባስ ብሎ ልጄ በዚህ ደስ እንደሚላት እርግጠኛ ነበርኩ፤ ጠባቂ ይዤ መሄዴን ከማንም በላይ የምትፈልገው እሷ ናት።

«አይሆንም» አለች። ሳቋን ጨርሳ ፊቷን እየጠረገች ነበር። «ይቅርታ አድርጉልኝ አባቶቼ፣ ብቻውን ይሂድ።» ወደ እኔ ዞረች። «ያ ጩኸት ሲሰማኝ ምን እንዳልኩ ታውቃለህ? ‹ሳይሄድ ሞተ፤ እኔ አስፈራርቼው ሳይሄድ ሞተ› ነው ያልኩት። ጎመኑንም ደም ግፊቱንም አላስታወስኩም።»

ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር አስሬ ጨረስኩ።

«ክኒንህን ይዘሃል?»

«ይዣለሁ።»

«ጋቢውን ተወው፣ ናዝሬት ሙቀት ነው።»

ተውኩት። «አራተኛ ፎቁስ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«እንግዳ ሆነህ ትመጣለህ» አለችኝ።

የእድር ሰው ግን እንዲሁ በባዶው አይመለስም። ቢያንስ ቃሊቲ መናኸሪያ ድረስ ካልሸኘንህ አሉ። ሚኒባሱ ውስጥ ዳኛው አኩርፎ በመስኮት ያያል፤ ጡሩምባ ነፊው ጡሩምባውን እንደደበቀ ነው። መናኸሪያ ስንደርስ ያ ሁሉ ጋቢና የተዘቀዘቀ ነጠላ በእኔ በባለ ጥቁር ኮቱ ዙሪያ ተሰልፎ ሲታይ ሰልፈኛው ሁሉ መንገድ ለቀቀልን። ረዳቱ ክንዴን ደግፎ ፊት ወንበር በመስኮቱ በኩል አስቀመጠኝ። «አባባ፣ እግዜር ያጽናዎት» አለኝ።

ላስረዳው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ የሰልፉን ርዝመት አየሁ።

«አሜን» አልኩ።

ከመስታወቱ ባሻገር ዳኛው ይሄን አይቶ ጋቢውን አፉ ላይ አድርጎ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ከሩቅ ላየው ሰው የሚያለቅስ ይመስላል። ልጄ እጇን አንስታ፣ አውቶብሱ እስኪታጠፍ አላወረደችውም።

መንገዱን ሁሉ ሹፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር የእኔም እግር ወለሉን ይረግጣል። ደብረ ዘይት ደርሼ በባጃጅ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ሐይቁ ከላይ ሲያዩት ዝም ያለ አረንጓዴ ነው፤ ነፋስ ሲነካው ይሸበሸብና እንደገና ዝም ይላል። ዓሣው ከነጭንቅላቱ ተጠብሶ መጣ። አጥንቱን አንድ በአንድ እየለቀምኩ፣ በእኔ ፍጥነት፣ ማለቴ ያለ ምንም ፍጥነት፣ በላሁት። ብላ እንጂ የሚለኝ የለም፤ በቃህ የሚለኝም የለም። አስተናጋጁ ሰው እጠብቅ እንደሆነ ደጋግሞ ጠየቀኝና ተስፋ ቆረጠ።

ናዝሬት የገባሁት ሙቀቱ ገና ሳይበርድ ነው፤ ልጄ ልክ ነበረች፣ ጋቢ የሚለብስ ሰው አላየሁም። ሰፊውን አስፋልት ተከትዬ በጥላው በኩል ሄድኩ። ከመቃብሩ ሌላ ለካ ያን ሁሉ ሱቅ፣ ያን ሁሉ ዛፍ ያላት ከተማ ናት። ፀጉር ቤት ገብቼ ተላጨሁ፤ ፀጉር አስተካካዩ ጉንጬን በፎጣ እየጠረገ «አሁን አማረብዎት» አለኝ፣ ለሁሉም የሚለው እንደሆነ እያወቅሁ ደስ አለኝ። ልጄ አንድ ጊዜ ብቻ ደወለች። ለእሷ ይሄ ትልቅ ጾም ነው።

አመሻሽ ላይ ያገኘሁት ፔንሲዮን ንጹሕና ርካሽ ነበር። መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ ቁልፍ እያነሳች፣ «ስንት ናችሁ አባባ?» አለችኝ።

«አንድ።»

«በኋላ የሚመጣ ሰው አለ?»

«የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ቀና ብላ አየችኝና ፈገግ አለች።

አልጋው ሰፊ ነው። እኔ ዕድሜዬን ሁሉ ግድግዳ ይዤ ነው የተኛሁት፤ መጀመሪያ ከወንድሞቼ ጋር ተጣብቄ፣ ከዚያ ከባለቤቴ ጋር፣ ከእሷም በኋላ ከልምድ። በሩን ከውስጥ ቆልፌ፣ ጫማዬን አውልቄ ጉልበቴን አሸት አሸት አደረግሁና ከየትኛው ጫፍ ልተኛ ብዬ ትንሽ አመነታሁ። መሃሉ ላይ ተጋደምኩ። ከመስኮቱ ሥር ባጃጆች ይጮኻሉ። ደህና ነህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ማንም አልነበረም፤ ደህና ነበርኩ።